እየሄደ ድንገት የሚጠፋ ሞተር፦ ጥፋቱን እንዴት እንዳገኘሁት

ጨርሶ አልነሳም ያለ መኪና ቀላል ነው። የከፋው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ቀጥ የሚለው ነው። ዳር ይዛችሁ ትንሽ ስትቆዩ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። መካኒክ ጋ ስትወስዱት ጤነኛ ነው። ስትመለሱ ይጠፋል።

እኔንም የገጠመኝ ይሄው ነው። መኪናዬ ዕድሜዋ የገፋ ማንዋል የቤንዚን መኪና ነች። ኢንጄክሽን ናት፤ ማለትም ነዳጁን በካርቡሬተር ሳይሆን በኮምፒውተር ትዕዛዝ ነው የምትረጨው። እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ዲስትሪቡተርም አላት። በደህና ቀኗ እንከን የላትም። ፀሐይ ላይ ቆማ ከዋለች በኋላ ግን መሀል መንገድ ላይ ትጠፋለች። በረድ ሲልላት ትነሳለች። ያየልኝ መካኒክ ከላይ እስከ ታች ፈተሻትና "አሁን ምንም የላትም፤ ስትጠፋ አምጣልኝ" አለኝ። የጠፋች መኪና እንዴት አድርጌ እንደማመጣለት ግን አልነገረኝም።

ምክር ደግሞ ሞልቷል። አንዱ "የነዳጅ ፓምፕ ነው" ይላል። ሌላው "ቦቢናውን ቀይረው"፤ ለእሳቱ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚፈጥረውን ማለቱ ነው። ሌላው ካንዴላ፤ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትሰጠዋ። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ ግን እያንዳንዱ የሚነግረኝ የራሱን መኪና ታሪክ ነው። በግምት ዕቃ መቀያየር የማልወደው ለዚህ ነው። ጥፋቱ መጣ ሄድ የሚል ስለሆነ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ሊሻለው ይችላል። ተገኘ ተብሎ እፎይ ይባላል። ከዚያ ይመለሳል። የተጣለው ዕቃ ጥፋተኛ ይሁን ንጹህ፣ ያኔ ማንም አያውቅም።

እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያዘው እጅ ከፍንጅ ነው፤ ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት። ስለዚህ ሥራው ለዚያች ቅጽበት ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ደህንነት። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም፤ ጠንከር አድርጋችሁ ካዞራችሁት ይታዘዛል። ፍሬኑም ወዲያው አይሞትም። ፍሬኑን የሚያቀልለው ሰርቮ ውስጥ የቀረ ቫኪዩም ስላለ አንድ ሁለቴ እንደ ወትሮው ይረገጣል፤ ከዚያ ፔዳሉ ይደነድናል። ስለዚህ እየረገጡ እየለቀቁ መጫወት የለም፤ አንዴ ረግጦ ይዞ ማቆም ነው። ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩና ዳር ያዙ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን አትንቀሉ፤ መሪው የሚቆለፈው ያኔ ነው። ሙከራችሁንም መኪና በማይበዛበት፣ ዳር መያዣ ባለው መንገድ አድርጉት። ፈጣን መንገድ ላይ የሚጠፋ መኪና አይሞከርም፤ ተጎትቶ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። መጀመሪያ ልብ ያልኩት አጠፋፏን ነው።

አንዳንድ ሞተር ቁልፉን እንደዘጋችሁበት ነው ጭጭ የሚለው። ሳል የለ፣ መንገጫገጭ የለ። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ካንዴላው የሚያገኘው እሳት በአንዴ ተቋርጧል። ሌላው ደግሞ እያሳለ፣ ጉልበት እያጣ፣ እየተንገዳገደ ነው የሚጠፋው። ይሄ ወደ ነዳጅ ይጠቁማል። ፓምፑ ቢቆምም መስመሩ ውስጥ የቀረ ግፊት ስላለ ሞተሩ ትንሽ ይታገላል። በዚህ ብቻ ፍርድ አይሰጥም፤ ግን ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ዳሽቦርዱን እዩ። ሞተር ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ከሆነ የባትሪና የዘይት መብራት መብራት አለባቸው። ጤነኛ ነገር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዳሽቦርዱ አብሮ ድርግም ካለ ግን ስለ ቦቢናና ስለ ፓምፕ ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ዋናው ኤሌክትሪክ ነው የተቋረጠው። የባትሪ ተርሚናል ላልቷል፣ ዋናው ፊውዝ ኮንታክቱ ተበላሽቷል፣ ወይም ከቁልፉ ቤት ጀርባ ያለው ስዊች አርጅቷል። ይሄ ስዊች አሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ይበላል፣ በተለይ ባለቤቱ የቤቱንም የቢሮውንም ቁልፍ አንድ ላይ አንጠልጥሎ ከሆነ። መፈተኛው ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቁልፉን ሳታጠፉት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት። ከጠፋ አገኛችሁት።

ሦስተኛው ምስክር የሞተር ዙር የሚያሳየው ቀስት ነው። ለኔ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እየተንከባለለ ከሆነ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ቀስቱ በአንዴ ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ የዙሩ ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው። ተጠርጣሪዎቹ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው)፣ ዲስትሪቡተሩ ውስጥ ያለው ፒክአፕ (እሱም ዙሩን የሚያይ)፣ ኢግናይተሩ (ቦቢናውን የሚያበራና የሚያጠፋው) ወይም ለነሱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ናቸው። ቀስቱ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን እሳቱ ሳይኖር አይቀርም፤ ነዳጁን ተከተሉ።

እየነዱ ይሄን ሁሉ ማየት አይቻልም፣ ማየትም የለባችሁም። እኔ ስልኬን ዳሽቦርዱን በሚያይበት ቦታ አስሬ ቪዲዮ እንዲቀዳ አደረግኩት። ቤት ገብቼ ዝግ አድርጌ ተመለከትኩት። መኪናዋ ስትንገዳገድ፣ የባትሪው መብራት ሲበራ፣ ቀስቱም ከጎማው ጋር አብሮ ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቦቢና ቀይር ያለኝን ሰው ምክር ያስቀመጥኩት ያኔ ነው።

ነዳጅ ነው ካልን ጥያቄው ሁለት ነው። ፓምፑ ኤሌክትሪክ እያገኘ ነው ያቆመው ወይስ ኤሌክትሪኩ ነው የቀረበት? ፓምፑ ራሱ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ውስጥ ስለሆነ ወርዶ ማየት የማይሆን ነገር ነው። ግን ሳይነኩትም ብዙ ይነግራል። አብዛኛው ኢንጄክሽን መኪና ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ያስነሳዋል። ከኋላ ወንበር በኩል "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ድምፅ መኪናችሁ ደህና በሆነበት ቀን ለዩት። ሞተሩ የጠፋ ዕለት ሬዲዮውን ዘግታችሁ ቁልፉን ክፈቱና አዳምጡ። ድምፁ ከሌለ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

እኔ በጆሮዬ ብቻ አልተማመንኩም። ሁለት ትንንሽ የ12 ቮልት አምፖል ገዛሁ። አንዱን ወደ ነዳጅ ፓምፑ ከሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ሪሌዩ (ኤሌክትሪኩን በትዕዛዝ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ) አጠገብ ቀጠልኩት። ሌላውን ቦቢናው ኤሌክትሪክ ከሚያገኝበት ሽቦ ላይ። የሁለቱንም ሌላኛ ጫፍ ማሳ ላይ፣ ማለትም የመኪናዋ ብረት ላይ፣ አሰርኩ። በየሽቦው ላይ ትንሽ ፊውዝ አስገባሁ፤ ሽቦው ተላልጦ ብረት ቢነካ እሳት እንዳይነሳ። ይሄን አትለፉት። ቅጥያውን ሳልባትዮው አጠገብ አታድርጉ፤ ቤንዚን ያለበት ቦታ ላይ ሽቦ አይላጥም። አምፖሎቹን ስልኩ በሚያያቸው ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ በፕላስተር ለጠፍኳቸው። ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ።

ሙቅ ቀን ጠብቄ፣ ፀሐይ ላይ አቁሜያት ወጣሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ይሄ ነው። ሁለቱም አምፖሎች በርተዋል። የፓምፑ አምፖል አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። የቦቢናው እንደበራ ነው። ሞተሩ ወዲያው አልጠፋም፤ አፍታ ቆይቶ ማሳል ጀመረ። ቀስቱ ደግሞ ከጎማው ጋር ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ብዙ ኢንጄክሽን መኪና ላይ ኮምፒውተሩ የሞተሩ ዙር ከጠፋበት ፓምፑን ራሱ ያቆመዋል። ስለዚህ የፓምፑ አምፖል ጠፋ ማለት ሁልጊዜ የፓምፑ መስመር ተበላሸ ማለት አይደለም፤ የክራንክ ሴንሰር ሲሞትም ይጠፋል። እዚህ ግን አምፖሉ ሲጠፋ ሞተሩ ገና ይሠራል፣ ዙሩም አለ። ኮምፒውተሩ አላቆመውም። ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

መንገድ ላይ ያለው ደግሞ ፊውዝና ሪሌይ ነው። ዳር እንደቆምኩ ቴስተሬን አወጣሁ። ወደ ሪሌዩ የሚገባው 12 ቮልት አለ። ቁልፉን ሰው እንዲከፍትልኝ አድርጌ ጣቴን ሪሌዩ ላይ ሳደርግ "ቀጭ" ሲል ይሰማኛል፤ ትዕዛዝ ደርሶታል። በመውጫው በኩል ግን ምንም የለም። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጌ መታ ሳደርገው አምፖሉ በራ። ፓምፑም "ዝዝዝ" አለ።

ቤት ወስጄ ክዳኑን ከፈትኩት። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ውስጡ ያለችው ትንሽዬ ሰሌዳ ላይ ግን፣ እግሮቹ በሊድ የተበየዱበት ቦታ፣ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው አንደኛው እግር ዙሪያውን ፀጉር የምታክል ቀለበት ሠርቷል። ሊዱ ከእግሩ ተላቋል። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ይላቀቃል። ለማረጋገጥ ወደ ቦታው መልሼ ሞተሩን አስነሳሁና በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩት። ጠፋ። አቀዘቀዝኩት። ተነሳ። ደግሜ አሞቅኩት። ጠፋ። ጥፋትን በገዛ ፈቃዳችሁ ማምጣትና መመለስ ከቻላችሁ ብቻ ነው "አገኘሁት" የሚባለው። መጠገኛው ሊዱን አቅልጦ እንደገና መበየድ ነው። እኔ እንደዚያ አደረግኩና በኋላ አዲስ ሪሌይ አስገባሁ፤ የተበየደውን መጠባበቂያ አድርጌ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አምፖሎቹን ወዲያው አልነቀልኳቸውም። ሙቀቱ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቆዩ። አንድም ቀን አልጠፉም።

የናንተ መኪና ታሪክ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቀስቱ በአንዴ ዜሮ ላይ የሚወድቅባችሁ ከሆነ የክራንክ ሴንሰርን አስቀድሙ። ይሄ ሴንሰር ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር ሙቀቱን ሁሉ ይቀምሳል። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ባለ ሁለት ሽቦው ዓይነት በቴስተር ኦም ይለካል። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የመኪናውን መጽሐፍ ተመልከቱ። ዋናው ግን በብርድ ከለካችሁት ጋር፣ ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት የምትለኩትን ማወዳደር ነው። ሲሞቅ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። ባለ ሦስት ሽቦው ዓይነት በኦም አይለካም፤ ለእሱ ኤሌክትሪክ መድረሱንና ምልክት መስጠቱን ነው የሚያዩት። ቴስተር ከሌላችሁ ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ሴንሰሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ቺንጋና ማራገቢያ አጠገብ እጃችሁን ስትሰዱ ቁልፉ ዝግ ይሁን። ወዲያው ከተነሳ ፍንጭ ነው። ሴንሰሩን ስታወጡት ጫፉን ጥረጉት፤ ብዙዎቹ ማግኔት ስላላቸው የብረት ብናኝ ይሰበስባሉ።

መኪናችሁ የጥፋት ኮድ (ኮምፒውተሩ ያየውን ጥፋት የሚመዘግብበት ቁጥር) የሚያስቀምጥ ከሆነ ሳታጠፉት አንብቡት። የባትሪውን ገመድ መንቀል ብዙ መኪና ላይ ኮዱን ያጠፋዋል፤ "ባትሪ ነቅለህ ሰካው" የሚለውን ምክር ከኮዱ በኋላ አድርጉት። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ኦቢዲ2 የተባለው ወጥ የኮድ ሥርዓት (በአውሮፓ ስሙ ኢኦቢዲ) ግዴታ ሆኗል። ከእነዚህ ጋር አነስተኛ ማንበቢያ ይሠራል፤ ፒ0335 ካያችሁ የክራንክ ሴንሰሩ መስመር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትም ቢሆኑ ዝም አይሉም። ለምሳሌ ብዙ የ1990ዎቹ ቶዮታዎች ኮፈኑ ሥር ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ስታገናኙ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ይቆጥርላችኋል። ኮድ የለም ማለት ግን ጥፋት የለም ማለት አይደለም። የኔዋ ምንም ኮድ አልነበራትም። ሪሌዩን የሚከታተለው የለም።

ነዳጅ ሆኖ ኤሌክትሪኩ ደህና ከሆነ ወደ ግፊት ይኬዳል። ብዙ ኢንጄክሽን መኪኖች ከ2.5 እስከ 3.5 ባር ነው የሚሠሩት፤ ትክክለኛው በመጽሐፉ ላይ አለ። ዳገት ላይና ስትረግጡት ብቻ የሚደክም ከሆነ የነዳጅ ፊልትሮውን ጠርጥሩ። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሳልባትዮ ውስጥ ያለ ቆሻሻ የፓምፑን ወንፊት ሲደፍነው ሞተሩ ይጠፋል። ስትቆሙ ቆሻሻው ይወርዳል፤ ሞተሩም ይነሳል። ሰው ግን "ሲቀዘቅዝ ተነሳ" ይላል። መለያው፣ ቀዝቃዛ ቀን ላይም መጥፋቱ ነው። ሌላው የሳልባትዮው መተንፈሻ ሲደፈን ነው። ረጅም ሄዳችሁ ሲጠፋ ክዳኑን ክፈቱ። አየር "ሽው" ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ፣ መተንፈሻውን አጽዱ። ፓምፕ አትግዙ።

ካርቡሬተር ያላቸው ላይ ደግሞ ነዳጁ በሙቀት መስመሩ ውስጥ ተኖ ፓምፑ አረፋ መሳብ ይጀምራል። መስመሩ ጭስ መውጫው አጠገብ ካለፈ አርቁት ወይም ሸፍኑት። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ ሲሠራ) ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የሚኒሞ ሶሌኖይድ ሽቦ ነካ አድርጋችሁ እዩ። ልል ብትሆን ሞተሩ ስትቆሙ ይጠፋል፣ ስትረግጡ ይሠራል።

ኢንጄክሽን ሆኖ ልትቆሙ ስትሉ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የአየር መግቢያውን ጥላሸት፣ የሚኒሞ ቫልቩን፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ ወይም ክፍት የቀረ ኢጂአር (ጭሱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ) እዩ።

ዝናብና እርጥበት ሲኖር ከሆነ የዲስትሪቡተር ክዳኑንና የካንዴላ ገመዶቹን በጨለማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከሩቅ ሆናችሁ ተመልከቱ። ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ ታያላችሁ። በእጅ አትንኩ፤ ያለው ቮልቴጅ በሺዎች ነው።

ማሳ ደግሞ ሰው ይንቃታል። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ያዙ፤ ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖውን ይምታላችሁ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካያችሁ የማሳ ገመዱ ዝጓል ወይም ልሏል። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መኖር አለበት። ካነሰ ዲናሞው ይታይ።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን በኋላ የተገጠመ አላርም ነው። ገጣሚው የሞተሩን ወይም የፓምፑን ሽቦ ቆርጦ መሀል ላይ የራሱን ሪሌይ ያስገባል፤ ሽቦውን ጠምዝዞ በፕላስተር ይጠቀልለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስተሩ ይላጣል፣ ጥምዝምዙ ይላላል። መሪው ሥር ያለውን ሽፋን ፈታችሁ የፋብሪካ ያልሆነ ቅጥያ ካያችሁ፣ ሞተሩ እየሠራ አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጉት። አላርሙ የማይሠራ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ሽቦው እንደ ቀድሞው ይቀጠል።

ራሳችሁ ባትነኩትም ለመካኒኩ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ቪዲዮውን አሳዩት። በሙቀት ነው በብርድ፣ ስትቆሙ ነው ስትረግጡ፣ ነዳጁ ምን ያህል ሲሆን፣ ምን መብራት በርቶ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተነሳ ጽፋችሁ ስጡት። "ስትጠፋ አምጣልኝ" ካላችሁ፣ መኪናዋ እሱ ጋ ትዋል፤ ስትጠፋ እዚያው ያገኛታል።